አጎቴ ዳና እስክሪብቶ የቀማ ዕለት

ኧረ ስሙኝማ! አጎቴ ዳና ኬንያ ሲኖር የዚያን አገር ዜግነት ወስዶ የኛውን አጥቶ ነበር። ሶዶ ተመልሶ መታወቂያ ቢጠይቅ የቀበሌዋ ጸሐፊ፣ «ጋሼ፣ ወላይታነትዎን ማንም አይነካም፤ ኢትዮጵያዊ ግን አይደሉም» አለችው። ክው አለ! የኬንያውን ትቶ፣ አዲስ አበባ ስንቴ ተመላልሶ፣ ዜግነቱ የተመለሰበትን ደብዳቤ ይዞ እየሮጠ ቀበሌ ገባ፤ እኔም ከኋላው።

ጸሐፊዋ ቅጹን ስትሞላ «ዜግነት» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ቀማት። «ይቺን እኔው ልጻፋት!» በትልልቁ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሲጽፍ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጸሐፊዋ ግን ጮኸች፤ ፊደሉ ከመግዘፉ የተነሳ ከሥር ያለውን የ«ብሔር» መስመር ሸፍኖታል።

«ውይ ጋሼ! ብሔርዎን የት ልጻፈው?»

«ተይው ልጄ» አላት እንባውን እየጠረገ። «እሱ መች ጠፍቶብኝ ያውቃል!»