ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፦ የወይዘሮ አቭሪል ኮተሪል ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የቤርመንዚ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ጥቁር ለብሳችሁ ከሶሆ የመጣችሁ የፊልም ሰዎች፤ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ ስጠየቅ አሳጥር ተብያለሁ። እኔ ስታንሊ ኮተሪል ግን አምሳ ስምንት ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ ባለቤታቸው ነኝና የሚያጥረውንና የሚረዝመውን እኔው እመርጣለሁ።

ወይዘሮ አቭሪል ከአባታቸው ከአቶ ዊልፍሬድ ታፕስኮትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይቪ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ የቆዳ ፋብሪካ ጠረን በማይለየው በዚሁ ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጦርነት ስለነበረ ወደ ገጠር ተልከው ፊደል ቆጥረው፣ ሲመለሱም ከሠፈሩ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገብተው በሥዕል አንደኛ ይወጡ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግን፣ የፋብሪካውን ሠራተኞች የሳምንት ደመወዝ ዘወትር አርብ ከባንክ በቦርሳ ያመጡ የነበሩት አባታቸው በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ በብረት ዱላ ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ዘራፊዎቹ በተያዙ ጊዜ ጋዜጦች ፎቶግራፋቸውን፣ ቅጽል ስማቸውንና የልብሳቸውን ስፌት ሳይቀር ሲያወጡ፣ አቶ ዊልፍሬድን ግን «አንድ ሠራተኛ ቆስሏል» ብለው አለፏቸው። ያ አንድ ሠራተኛ አንደበቱ ተዘግቶ፣ በልጁ እጅ በማንኪያ እየጎረሰ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ።

ወይዘሮ አቭሪል ትምህርታቸውን አቋርጠው ሶሆ ከሚገኝ የፊልም ማቀናበሪያ ቤት በወለል ጠራጊነት ተቀጠሩ፤ የተጣሉ ቁራጮችን እየለቀሙ፣ ማን ምን እንደቆረጠና ለምን እንደቆረጠ እያዩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ራሳቸው አቀናባሪ ሆኑ። ከሁሉም የሚታወቁት በወንጀል ፊልም መግቢያ ነበር። ፊልሙ በዘራፊው የተወለወለ ጫማና ልክ በተሰፋ ኮት ከጀመረ ተመልካቹ ገና ሳይነገረው ዘራፊውን ማድነቅ ይጀምራል፤ በጭስ በጠቆረ መንደርና በጠበበ ደረጃ ከጀመረ ጥፋተኛው ድህነት ነው ተብሎ ተፈርዷል፤ በር በሚያንኳኳ ፖሊስ ከጀመረ ደግሞ ቤቱ የጥፋተኛ እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯል ይሉ ነበር። «ፊልም ለማን እንደሚያዝን በመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ የቀረው ማስረጃ መደርደር ነው» የሚለውን ቃላቸውን ከፊት የተቀመጣችሁት ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም የራሳችሁ አድርጋችሁ ጽፋችሁታል።

ቧንቧ ሠራተኛ የነበርኩት እኔ የማቀናበሪያ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ብጠራ አገኘኋቸውና በ1961 በዚህ ጸሎት ቤት ተጋባን። ልጃችንን ሮዛሊንድንም ወለድን።

በ1968 ስሙን በአስከሬናቸው ፊት የማልጠራው ፊልም መጣ። ታሪኩ የደመወዝ ቦርሳ ዘረፋ ነበር። ወይዘሮ አቭሪል መግቢያውን በአንድ ቦርሳ ተሸካሚ ሽማግሌ ማለዳ ጀመሩት፤ የዘራፊዎቹ መኪና የሚታየው ከሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በኋላ ነው። የፊልሙ ባለቤት አቶ ሊዮኔል ክራዶክ አይተው ሳቁ።

«አቭሪልዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ሽማግሌ ዳቦ ሲጠቀልል ሊያይ ነው እንዴ?»

«ሲፈነከት ለማየት ግን ይቆርጣል?»

«ይቆርጣል እንጂ! አራቱን ሸበላ ዘራፊዎች፣ መኪናውን፣ የመለከት ሙዚቃውን ስጪኝ። አንቺ ካልሠራሽው ደግሞ የሚሠራው አላጣም።»

ልጅ የታቀፉ ሰው ነበሩና ሠሩት። በእልህም ይሁን በሙያ ኩራት፣ እንከን የማይወጣለት አድርገው ሠሩት። አራቱ ሸበላዎች በመለከት ከመኪና ይወርዳሉ፤ ከሽማግሌው የሚታየው መሬት ለመሬት የሚንከባለል ባርኔጣው ብቻ ነው። ፊልሙ በተመረቀ ዕለት እናታቸውን ወይዘሮ አይቪን ይዘን ሄድን። ባርኔጣው ሲንከባለል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ አይቪ ጮክ ብለው «ባርኔጣውን የሚያነሳለት ሰው የለም?» አሉ፤ በዙሪያችን የነበሩትም ቀልድ መስሏቸው ዳግመኛ ሳቁ። ወይዘሮ አቭሪል የእናታቸውን እጅ ይዘው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። ያ መግቢያ ዛሬ በየፊልም ትምህርት ቤቱ የሚጠና ሆኗል። ዛሬ ጠዋትም የፊልሙ ኩባንያ በዚያ ባርኔጣ ቅርጽ የተሠራ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ ለክብራቸው መሆኑን አልጠራጠርም። አስከሬን አጃቢዎቹ ከአጥሩ ውጭ እንዲተዉት ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

የተጣለ ቁራጭ በሙያው ልማድ ጥቂት ጊዜ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ይወገዳል። ወይዘሮ አቭሪል ግን የመጀመሪያውን መግቢያ በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው፣ በካፖርታቸው ሥር ደብቀው ቤት አመጡትና ከአልጋችን ሥር አኖሩት። የፊልሙ ባለቤቶች ተለውጠው አንድ ቀን ቢጠይቁ ቦታው ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበራቸው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እርጥበት የሰው ቤት ሲያበላሽ ያየሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ክረምት እርሳቸው እህታቸው ዘንድ ሳሉ፣ ወለሉ ቢረጥብብኝ ቆርቆሮውን አንስቼ የሙቅ ውኃው በርሜል ካለበት፣ አንሶላ ከምናደርቅበት ቁም ሣጥን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሲመለሱም ነገርኳቸው፤ እንግዳ በዝቶ ስለነበር አልሰሙኝም መሰለኝ። እኔም ያዳንኩት መስሎኝ አልደገምኩትም። ፊልም ግን የሚወደው ቅዝቃዜን ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኩባንያው የተጣለው መግቢያ ካለ እናሳየው ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ወይዘሮ አቭሪል እንደ ልጃገረድ ተንበርክከው ከአልጋው ሥር ፈለጉት። ከቁም ሣጥኑ አውርጄ ሰጠኋቸው። ክዳኑ ሲነሳ ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ፤ ፊልሙ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆኗል። ዘጉትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም። በአሥረኛው ቀን ሻይ አፍልተው ሰጡኝ፤ ነገሩንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አላነሱትም። ይቅር ብለውሃል እያላችሁ እንዳታጽናኑኝ፤ አላሉኝም።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ያንን የተጣለውን መግቢያ ካዩት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በተጣለበት ዕለት በማቀናበሪያው መሣሪያ ላይ አንድ ጊዜ አሳይተውኛል። ስለዚህ ስሙኝ። መጀመሪያ የጢም ምላጭ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ዳቦና አይብ በወረቀት ይጠቀለላል። ሚስት ኮሌታውን ታቃናለታለች። ሰውየው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል፤ ሊዘንብ ይሆን እያለ። ከዚያ ፊቱ፣ በጣም ከቅርብ። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር አለ። እጅ ነው ልበል፣ ወይስ መስኮት? ሳምንቱን ሙሉ ባስብ ጠፋኝ። ሲጠፋኝ የምጠይቀው እርሳቸውን ነበር።

ወይዘሮ አቭሪል ልጃቸውን ሮዛሊንድን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ኦወንንና ቴስን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ሜቪስን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። የሰውን ሁሉ ማለዳ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እኔንም ሳልከተላቸው ያቺን አንዲት ቁራጭ ያስታውሰኝ። አሜን።