የጽናት ድካም

የካቲት ሊያልቅ ግድም ነው። ጉም የመንዝን የጓሳ ሣር ሜዳ ሲያለብሰው ሰማይና ምድር ይገጥማሉ፤ መንገደኛ ሲመጣ አስቀድሞ ድምፁ ይሰማል፣ መልኩ ኋላ ይታያል። በእንዲህ ያለው ማለዳ ከሜዳው ምሥራቅ ዳርቻ ተነሥተው ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያቀኑ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ፣ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ፈረስ እየሳቡ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሁለተኛዋ፣ ምራታቸው ጽናት፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተከናንባ ፈረሱ ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ከኮርቻው ጋር እንደ ጭነት ተጣብቃ ታንቀላፋለች።

አማት በእግር፣ ምራት በፈረስ መሄዳቸው ለሰሚው ይገርም ይሆናል። እትዬ ጥሩሸዋ ክፉ ሴት አልነበሩም። ልጅቱ መቆም እንዳቃታት አይተው በገዛ እጃቸው ደግፈው ፈረሱ ላይ ያወጧት እሳቸው ናቸው። የሚወስዷት ግን ለደግ ነገር አልነበረም። ከመሐል ሜዳ መኪና ተሳፍረው ሞላሌ አጠገብ ለሚኖሩት ወላጆቿ ሊመልሷት ነው።

ጽናት ወደዚያ ቤት ስትገባ እንዲህ አልነበረችም። ከእትዬ ጥሩሸዋ ልጅ ከምስክር ጋር በተጋቡበት ዓመት የበግ ጠጉር ስትፈትል እንዝርቷ ከእጇ አይወርድም፤ ሳቋም ከደጅ ይሰማ ነበር። ከዚያ፣ መቼ እንደ ጀመረ እሷም የማታውቀው ድካም መጣ። በመጀመሪያ ጧት ጧት ብቻ ይይዛታል፤ ኋላ ቀኑን ሙሉ ወረሰው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ይብስባታል። ደሙ እንደ ድሮው ታይቶ የሚሄድ ሳይሆን የሚከርም ሆነ፤ ሲያበቃም ጕልበቷን ጠቅልሎ የሚሄድ ይመስላታል። ሌላው ሰው እሳት ዳር ሲያልበው እሷን ይበርዳታል። እንዝርቱን እንደ ያዘች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ልጅም አልመጣም። ቤተሰቡ በመጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ አሽሟጠጠ፣ በመጨረሻ ፈረደ። ምስክር ልቡ ባይፈቅድም የእናቱን ቃል የሚመልስበት አፍ አላገኘም።

እሷም አልተሟገተችም። ሙግትም ጕልበት ይጠይቃል። በጉሙ ውስጥ ስትጓዝ ፈረሱ የሚራመደው በመሬት ሳይሆን በተባዘተ ጠጉር ላይ፣ እሷም ቀስ እያለች ወደ ጠጉሩ የምትሰምጥ ይመስላት ነበር። መስመጡ አያስፈራም። የሚያሳዝናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠራት ሰው ቢኖር ድምፁ እስከማይደርሳት ድረስ ሩቅ መሄዷ።

«መንገዱ ላይ ሰው አለ? እንደምን አደራችሁ?» የሚል ድምፅ ከፊታቸው መጣ።

ከድምፁ በኋላ አንዲት ወጣት ታየች። የክትባት ሣጥን በትከሻዋ አንግታለች፤ ነጠላዋ በጤዛ ርሷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ማን ልበል?» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

«አርሴማ እባላለሁ፣ እማማ። የመሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከማዶ ሕፃናት ከትቤ ስመለስ ጉሙ መንገድ አሳተኝ። አብሬያችሁ ብሄድ ይከፋዎታል?»

«ምን ይከፋኛል። በጉም ብቻውን የሚሄድ ሰው፣ ሰው መስሎት ሰው ከሚያህል የጅብራ ተክል ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ይውላል። ነይ፣ ከፈረሱ ጎን ሁኚ።»

ጥቂት እንደ ሄዱ አርሴማ ቀና ብላ የጽናትን ፊት አየች። ፊቷ ያበጠ፣ የገረጣ ነው። ከባናው የወጣውን እጇን ነካችው፤ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዟል።

«እኅቴን ምን አገኛት፣ እማማ?»

«እንቅልፍ፤» አሉ አሮጊቷ። «ልጄን የዳርኩት ለሴት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለእንቅልፍ ኖሯል። ዓይነ ጥላ ነው ያሉኝ አሉ፣ ጠበል አስጠመቅኋት። ስንፍና ነው ያሉኝም አሉ፣ ተቈጣኋት። ሁለቱም አልሆነ። አሁን ወደ ወላጆቿ እየመለስኳት ነው።»

ጽናት ይህን ሰማች። ስለ እሷ ሲነገር መስማት ለምዳዋለች፤ በውኃ ውስጥ ሆኖ ከዳር የሚነጋገሩ ሰዎችን እንደ መስማት ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ፤» አለች አርሴማ። «የወር አበባዋ እንዴት ነው?»

እትዬ ጥሩሸዋ ፈረሱን ገታ አደረጉ። «ይህ በመንገድ የሚጠየቅ ነው?»

«በጉም ውስጥ ከእኛ በቀር ማን ይሰማናል?»

«እኔም በገዛ ቤቴ ጠይቄያት አላውቅ። የሴት ነገር በሴት ሆድ ይቀራል፤ የኛ እናቶች እንዲህ ነበሩ። እኛም ደምተናል፣ ልጄ። ደምተን አጭደናል፣ ደምተን ወቅተናል፣ ውኃ ቀድተናል። ማን አንቀላፋ?»

«ያንቀላፋችውን ማን ቈጥሯት ያውቃል? ሰነፍ ተብላ ስትቀር ስሟም አብሮ ይቀራል። ለመሆኑ እርስዎ በጎች አሉዎት?»

«አሉኝ እንጂ። መንዝ ተቀምጦ በግ የሌለው ማን አለ?»

«አንዲቱ በግ ከመንጋው ወደ ኋላ ብትቀር፣ ጆሮዋን ጥላ ብትተኛ፣ ምን ይላሉ?»

«ታመመች እላለሁ። አፏን እከፍታለሁ፣ የዓይኗን ቆብ ገልብጬ አያለሁ። ነጥቶ እንደሆን ደም አንሷታል።»

«ሰነፈች አይሉም?»

ሰው በከብቱ ላይ የሚያየውን በቤተሰቡ ላይ የማያየው ዓይን አጥቶ አይደለም፤ ከብቱን በዓይኑ ሲመረምር ሰውን በልማዱ ስለሚመረምር ነው።

«በግ አትናገርም፣ ምን ታድርግ፤» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «ሰው ግን አፍ አለው። ካመማት ለምን አልተናገረችም?»

ጽናት ከምትሰምጥበት ጠጉር ውስጥ ብቅ አለች። እንዴት እንደ ሆነ አታውቅም፤ ጥያቄው እሷን የሚጠይቅ ስለ ሆነ ይሆናል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተጠየቀችው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«በምን አፌ ልናገር፣ እናቴ፤» አለች በቀስታ። «ደሙ አይቆምም። አንዱ ወር ከሌላው ጋር ይገናኝብኛል። ጨርቁን ወንዶች እንዳያዩት ፀሐይ በማይደርስበት ከጎተራው ኋላ አሰጣለሁ፤ ሳይደርቅ መልሼ እለብሰዋለሁ። ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። እርስዎ ሲጠሩኝ እሰማለሁ፤ እስክመልስ ግን ድምፄ ሩቅ ነው።»

አሮጊቷ ዞረው አዩዋት። ጉሙ በመካከላቸው ያልፋል።

«ይህን ሁሉ ደም በእኔ ጣራ ሥር?» አሉ።

ጥቂት ከተራመዱ በኋላ አርሴማ ጽናትን ከፈረሱ ጎንበስ ብላ ምራቋን እንድትውጥ ለመነቻትና ጉሮሮዋን በጣቶቿ ዳሰሰች። «እዚህ ጋ ጥቂት እብጠት አለ፣ እማማ። ይዳስሱት።»

እትዬ ጥሩሸዋ ዳሰሱ። «እንቅርት ነው። እንግዲህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ይህ ደግሞ ከወር አበባ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች።»

«የሚያገናኛቸው መልእክተኛ አለ። ሆርሞን ይባላል። ይህ የምንሄድበት ጓሳ ዝም ብሎ ይታጨዳል?»

«ማን ደፍሮ? ሣሩ እስኪደርስ ሜዳው ይዘጋል። የሚከፈትበት ቀን ለሁሉ ይነገራል፤ ያኔ ነው ማጭድ የሚነሣው።»

«ቀኑን የሚናገረው ሰው ቢዘገይስ?»

«አንዱ ቀድሞ ያጭዳል፣ ሌላው ሳይሰማ ይቀራል። ሜዳው ይበላሻል።»

«የሴት ሰውነትም እንዲሁ ይዘጋል፣ ይከፈታል። መልእክቱ በጊዜው ከደረሰ ወሩ ጊዜውን ይጠብቃል። በጉሮሮ ያለችው ዕጢ የምትልከው መልእክተኛ ደግሞ ሰውነትን ሙቅ፣ ንቃ፣ ሥራ ይለዋል። ወሩን የሚያዝዙት ሌሎች መልእክተኞችም ከእሱ ጋር ይናበባሉ። ዕጢዋ ስትደክም ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፤ ወሩ ይዛባል፤ ደሙ ሲበዛ ደም ማነስ ይከተላል፤ ደም ማነሱ ድካሙን መልሶ ያብሰዋል። ማርገዝም ያስቸግራል። ስንፍና ሲሉት የነበረው ይህ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል አልሽ እንጂ ነው አላልሽም።»

«አላልኩም። ድካም ሁሉ ከዚህ አይመጣም፤ ብዙ ምክንያት አለው። በዓይን አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ደሟ መመርመር አለበት።»

«ደም አለቀባት እያልሽ ደሟን ልትቀጂ?»

አርሴማ ፈገግ አለች። «ከጎተራ አንድ እፍኝ እህል ቢያወጡ ነቀዝ መኖሩን ለማወቅ ነው እንጂ ጎተራውን ለመጨረስ ነውን?»

«ጠበሉስ? ልተው ነው የምትይኝ?»

«ምነው፣ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበሉን በጧት፣ ሐኪሙን በረፋድ ቢያደርጉት ማንን ያስቀይማሉ? የማያዋጣው ዝምታው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተዋል።»

እትዬ ጥሩሸዋ የተከናነቡትን ጋቢ አውልቀው በጽናት ጭን ላይ ደረቡት፤ ከዚያ ልጓሙን ይዘው ቀጠሉ። ጽናት ዓይኗን ጨፈነች፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሰመጠችም። የጋቢው ሙቀት እንደ እጅ ይዟት ነበር።

መሐል ሜዳ ሲደርሱ ጉሙ ተገልጧል። መናኸሪያው በር ላይ የመኪና ረዳት «ሞላሌ፣ ሞላሌ» እያለ ይጣራል። እትዬ ጥሩሸዋን አይቶ «እናቴ፣ ሞላሌ ነዎት? ቦታ አለ» አላቸው።

«አይደለሁም፤» አሉና ፈረሱን ሳቡት። ትንሽ እንደ ራቁ ወደ ምራታቸው ሳይዞሩ፣ «በጌን አይ ነበር። አንቺን አላየሁም» አሉ።

የጤና ጣቢያው ምርመራ ደሟ እጅግ ማነሱን አሳየ። ለዕጢዋ ምርመራ ወደ ደብረ ብርሃን ተላከች፤ ምስክር ይህን ሲሰማ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ አብሯት ሄደ። የጉሮሮዋ ዕጢ መድከሟ በዚያ ታወቀ። አንዱ ክኒን ጧት በባዶ ሆድ የሚዋጥ፣ ሌላው ደም የሚተካው ማታ ማታ የሚወሰድ ሆነ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና እትዬ ጥሩሸዋ ተጨንቀው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ኃይለመስቀል ሄዱ። መምሬም፣ «ጾም ለጤነኛ ተሠራ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንድ ነው፤ ትዋጥ፣ ሲያስፈልጋትም ትብላ» ብለው አሰናበቷቸው።

ለውጡ ባንዴ አልመጣም። እንደ ንጋት ነው የመጣው፤ መቼ እንደ ነጋ ሳይታወቅ ድንገት የእጅ መዳፍ የሚለይበት ሰዓት ይደርሳል። በመጀመሪያ ብርዱ ቀነሰ። ቀጥሎ ደሙ መጠኑን ያዘ፣ ወሩም ጊዜውን መጠበቅ ጀመረ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጧት ጽናት ማንም ሳይቀሰቅሳት ነቃች። ዝናቡ ጣራውን ይመታል። ተኝታ እያዳመጠችው፣ ሰውነቷ ወደ ታች የማይጎትታት መሆኑን አወቀች፤ ተነሥታ ደጁን ከፍታ ቆመች። በረቱ፣ ገብሱ፣ ከሩቅ የጓሳ ጫፍ፣ ሁሉም በቦታው ነበረ። እሷ ከሄደችበት እስክትመለስ የጠበቃት መሰላት።

በቤቱም ብዙ ነገር ተለወጠ። እትዬ ጥሩሸዋ እንቅርትን ይከላከላል ስለ ተባሉ አዮዲን ያለውን ጨው ከገበያ እየመረጡ ይገዛሉ፤ እንዳይበላሽ ክዳን ባለው ዕቃ ያኖራሉ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምራሉ። የወር አበባ ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ «ወንድ ቢያይስ?» ያለቻቸውን ጎረቤት፣ «ይየው፤ እሱም ከዚያው ነው የመጣው» ብለው መልሰዋታል።

በመስከረም፣ በሰንበቴ፣ ሴቶች ተሰብስበው ሳለ ይህ ነገር ተነሣ። እትዬ ጥሩሸዋ ጽዋቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦

«ልጆቻችሁ ሲደክማቸው ሰነፉ ከማለታችሁ በፊት ጠይቋቸው። ወሩ ሲበዛም ሲቀርም ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። እኔ ምራቴን ልመልስ ሄጄ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ቤቴ ፈታይ አገኘ፣ ልጄ ጓደኛ አገኘ፣ እኔ ደግሞ ስጠራ የሚመልስልኝ ሰው አገኘሁ። ይህ ሁሉ ሊበተን የነበረው በአንድ ዝምታ ነው።»

«ልጅስ?» አለች አንዷ።

«ልጅ ሲፈቅድ ይሰጣል። እሷ አለችልን።»

ጌታነሽ የምትባል ጎረቤት ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ተጠግታ፣ ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጇ ወሯ ሲመጣ ራሷን እንደምትስት፣ በክፍል ውስጥም እንቅልፍ እንደሚጥላት በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ምን ይሻላል ስትልም እትዬ ጥሩሸዋ ሊመልሱ ጀመሩና ተዉት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤» አሉ። «ያየችው እሷ ናት። እሷን ጠይቂያት።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ጽናት ዞሩ። ስለ እሷ ሌላ ሰው ሲናገር የኖረበት ዘመን እንዳለፈ ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ለጌታነሽ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት፤ ከዚያ ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።