የካባው ገመድ ፍሬን

የምስክር ስም፦ ራጉኤል ወልደሥላሴ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የድንጋይ ካባ ዕቃ መርማሪ
አድራሻ፦ ጅጅጋ ከተማ፣ ቀበሌ 04
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ስለ ካባው ሠራተኛ ዐብዲሰላም አሟሟት የማውቀውን ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ካባ ሠራተኞች በገመድ ተንጠልጥለው ከገደሉ ላይ የላላ ድንጋይ ያወርዳሉ። ከላይ የቆመው ሰው ገመዱን ፍሬን በምንለው ብረት ውስጥ አሳልፎ ይይዛል፤ የተንጠለጠለው ሰው እግሩ ድንገት ቢያመልጠው ብረቱ ገመዱን ነክሶ ማስቀረት አለበት። በጥር ወር አዲስ ፍሬን ለግዢ ሲቀርብ የመረመርኩት እኔ ነኝ። ሰማንያ ኪሎ ድንጋይ በጆንያ ሞልቼ ሞከርኩት። በወፍራም ገመድ ቀጥ አድርጎ ያዘ። እኛ በምንሠራበት ቀጭን አሮጌ ገመድ ግን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ጆንያው መሬት ደረሰ። «በቀጭን ገመድ እንዳይሠራበት» ብዬ በምርመራ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ።

የካባው ኃላፊ አቶ ዐብዱልቃድር ቢሮው ጠርቶኝ፣ ይህ መስመር ካለ አዲስ ገመድ እስኪገዛ ሥራ ይቆማል፣ አውጣው አለኝ። ጡረታዬ ስለተቃረበ ነገር አልፈለግኩም። ወረቀቱን ቀድጄ መስመሩ የሌለበት ሌላ ጽፌ ፈረምኩ። ዱላ ይዞ ያስገደደኝ የለም።

የካቲት 7 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ገደማ ዐብዲሰላም ቀበቶውን እያጠበቀ «ጋሽ ራጉኤል፣ ፍሬኑን ሞክረኸዋል አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። «ሞክሬዋለሁ» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በዚያው ቀጭን ገመድ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ የረገጠው ድንጋይ ተናደ፤ ገመዱ በፍሬኑ ውስጥ ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አልፏል።

ገመዱን ይዞ የነበረው ፋራህ አሁን እዚሁ ጣቢያ ታስሯል። ኃላፊው «ጫት ቅሞ መርቅኖ ለቀቀው» ብሎ አመልክቷል። ፋራህ አልለቀቀም። የሁለቱም እጆቹ መዳፍ ተልጦ ሥጋው ይታያል፤ የለቀቀ ሰው መዳፉ አይላጥም። የሟች እህት የፋራህ ሚስት ናት፤ ከሐዘንተኞቹ ጋር መቀመጥ ሲገባው ገዳይ ተባለ። በእሱ ቦታ መታሰር የሚገባን እኔና ኃላፊው ግን ትናንት ለቅሶው ላይ ከፊት ተቀምጠን ነበር።

የቀደድኩትን ወረቀት ማቅረብ አልችልም። ፍሬኑና ገመዱ በፖሊስ እጅ ስላሉ ጆንያ ተሞልቶ ፋራህ ባለበት ይሞከር።

ቃሌ ተነብቦልኝ ያልኩት ሁሉ መስፈሩን ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። አንድም መስመር እንዳይወጣበት ጠይቄ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን አብሽር፣ ፊርማ ____________