አራት ደቂቃ የዘገየው ባቡር

ጅጅጋ መናኸሪያ፣ የድሬዳዋው ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠናል። ከኋላዬ አንዲት መምህርት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ትመክራለች።

«ኢንተርኔት ቤት ከገቡ አይቀር፣ ስለ ስኳር በሽታ የሚጽፍ ጥሩ ድረ ገጽ አለ አባባ። ልጻፍልዎት?»

«እኔ የራሴ አለኝ፣ ልጄ።»

«የምን?»

«የፈረንሳይ አገር ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚገባ የሚናገር። ፎቶ ስለሌለው ኔትወርኩ ሲደክምም ይከፈታል።»

«ሊሄዱ ነው እንዴ?»

«የት አባቴ!»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

«አፍደም ባቡር ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ደወል የደወልኩ ሰው ነኝ። ፈረንሳይኛዋንም እዚያው ነው የለቃቀምኳት። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ የምጠብቀው ነገር አጣሁ።»

«እና ቁጭ ብለው ያዩታል?»

«‹ገባ› እስኪል አያለሁ። ከዚያ ተነስቼ ቤቴ እሄዳለሁ።»

«በሰዓቱ ይገባል?»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን ብቻ አራት ደቂቃ ዘገየ። ይቅርታ ጽፈው ነበር።»

«ለእርስዎ?»

«ለሚጠብቅ ሁሉ ነው የሚለው። እኔም እየጠበቅኩ ነበር።»

ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ሦስት ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ ታገሡ» ሲል፣ ሳላስበው ሰዓቴን አየሁ።