ሽምግልና በፖርሽ ኮፈን ሥር

ቢሾፍቱ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ረፋድ፤ ጡረታ የወጡት የአየር ኃይል የሞተር ባለሙያ ሻምበል ግዛቸው ኮፈኑ ከተከፈተው አሮጌ ፖርሻቸው ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው መምህር አምኃ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ የታሰረ ፌስታል አንጠልጥለው ፊታቸው ቆመዋል።

ግዛቸው፦ አይሆንም አልኩህ እኮ። መኪናዬ ላይ ያገኘውን ቆርቆሮ ጠምዝዞ ለሄደ ሰው ልጄን አልሰጥም።

አምኃ፦ ሻምበል፣ እስቲ ይስሙኝ። የመጣሁት በኪሩቤል ቤተሰብ ተልኬ ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበን በወጉ ከመምጣታችን በፊት፣ አንድ ሰው ቀድሞ ፊትዎን አይቶ ይምጣ ተብሎ…

ግዛቸው፦ «ይስሙኝ»? ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ ግዛቸው» ስትለኝ ኖረህ ዛሬ አንቱ ሆንኩ?

አምኃ፦ ዛሬ ሽማግሌ ነኛ። ሽማግሌ ሰውን አንተ አይልም።

ግዛቸው፦ እንግዲያው ሽማግሌነትህን እዚያ አጥሩ ላይ ስቀልና ና። አንቱ ሲሉኝ ወገቤን ያመኛል።

አምኃ፦ እሺ፣ ይኸው ሰቀልኩት። ግዛቸው፣ ምን ነካህ? ልጁ የተማረ ነው፣ አይጠጣም፣ እናቱን ጧሪ ነው፣ በዚያ ላይ የውሃ መሐንዲስ ነው።

ግዛቸው፦ ችግሩ እሱ ነው እኮ። ይህ መኪና ውሃ የለውም።

አምኃ፦ ውሃ የሌለው መኪና ደግሞ አለ እንዴ?

ግዛቸው፦ ይኸው ፊትህ ቆሟል። ራዲያተር የለው፣ የውሃ ቱቦ የለው። የሚያቀዘቅዘው አየሩና ዘይቱ ነው። ሌላው መኪና ሲግል ውሃው ይደርስለታል፤ ይህ ግን ዘይቱ ከከዳው ዘመድ የለውም። ፊልትሮው ደግሞ የዘይቱ ኩላሊት ነው። ለኩላሊት ያገኙትን ይገጥማሉ?

አምኃ፦ እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ኩላሊቱንም ሞተሩንም አላውቅም። ልጁ ገጥሞታል አይደል? አፈሰሰ?

ግዛቸው፦ አላፈሰሰም።

አምኃ፦ አጨሰ?

ግዛቸው፦ አላጨሰም። ከዚያ ወዲህ መች አስነሳሁትና።

አምኃ፦ ከገና በፊት ጀምሮ? ላልተነሳ መኪና ነው ልጅህ ሕሊና እንባዋን የምታፈሰው?

ግዛቸው፦ ታለቅሳለች?

አምኃ፦ ለባለቤቴ አልቅሳ ነው የነገረቻት። ልጁ ከፋሲካ በፊት ለሁለት ዓመት ሥራ ጅግጅጋ ይሄዳል። ሠርጉ ጾም ሳይገባ ካልሆነ ነገሩ ይበተናል ብላ ነው የፈራችው።

ግዛቸው፦ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

አምኃ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እናቷ ብትኖር ኖሮ ቀድማ ትነግርህ ነበር።

ግዛቸው፦ እናቷ ብትኖር እሷም ከእኔ ጋር ነበር የምትቆመው። የሆነውን ልንገርህና ፍረድ። ታኅሣሥ ላይ ወገቤ ተያዘ፤ መገላበጥ እንኳ አቃተኝ። ሕሊና «ኪሩቤል ይሠራልሃል» ብላ አመጣችው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮት አዘዝኩት። ዘይቱን አውርድ፣ ፊልትሮ ሁለት ግዛ፣ አንዱን በሴጌቶ መጋዝ ቆርጠህ ሆዱን እይ፣ ሆዱ ደህና ከሆነ ሁለተኛውን ግጠም አልኩት።

አምኃ፦ አዲሱን ዕቃ?

ግዛቸው፦ አዲሱን።

አምኃ፦ ደህና ዕቃ መሆኑን ለማወቅ ደህናውን ዕቃ መቁረጥ?

ግዛቸው፦ እኛ እንዲያ ነው ያደግነው። ላዩንማ ማንም ቀለም ይቀባዋል። ወረቀቱ ወፍራም ነው ስስ፣ ግራና ቀኙን የያዘው ብረት ነው ካርቶን፣ ሞላው ጠንካራ ነው ልፍስፍስ፣ ይህን የሚነግርህ ሴጌቶ ብቻ ነው። ሻጭ ሲምል አትስማው።

አምኃ፦ እንዲህ ከሆነማ ለሕሊናም ሁለት አማች መርጠህ አንዱን መቁረጥ ነው።

ግዛቸው፦ ቢፈቀድ ጥሩ ነበር።

አምኃ፦ ሆሆ። እሺ፣ ከዚያስ?

ግዛቸው፦ ከዚያማ ወገቤ ሲሻለኝ ወጥቼ ባይ መደርደሪያው ላይ የማላውቀው ቢጫ ሳጥን ተቀምጧል። እኔ ስንት ዓመት የገዛሁት ሰማያዊውን ነው። የተቆረጠ ፊልትሮ ፈለግኩ፣ የለም። የወለቀውን አሮጌውንም ፈለግኩ፣ እሱም የለም። አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ መታየት አለበት፤ ይህን የመንገድ ዳር መካኒክ እንኳ ያውቃል። «አሮጌውስ የታለ?» ብለው መሬት መሬቱን አየ። አሮጌ ዕቃ የሚደብቅ ሰው የሸፈነው ነገር አለው። ምሳ ላይ በሕሊና ፊት ነገርኩታ። ቆርቆሮ ጠምዛዥ አልኩት፣ ሌላም ሌላም አልኩት።

አምኃ፦ እሱስ ምን መለሰልህ?

ግዛቸው፦ «ይቅርታ ሻምበል» ብሎ፣ እጁን ታጥቦ ሄደ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ተሰድቦ ዝም ይላል?

አምኃ፦ ቆይ፣ ቆይ። አሮጌውን ፊልትሮ ነው የጠየቅከው?

ግዛቸው፦ አዎ፣ አሮጌውን።

አምኃ፦ እኔን ሞኙን። ጠዋት ስመጣ ይህችን ፌስታል የሰጠኝ እሱ ነው። «ሻምበል ስለ አሮጌው ፊልትሮ ካነሱ ይስጧቸው፤ ካላነሱ ሳያዩት መልሰው ያምጡልኝ» አለኝ። ከበድ ስትለኝ ማር መስላኝ፣ ለአማት የሚላክ ወግ መሆኑ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግዛቸው፦ አምጣት። አሁን ይለይለታል። ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አጥብቀህ እሰረውና ቁረጠው፤ ሴጌቶው በግራህ ነው።

አምኃ፦ እኔ? በጋቢዬ?

ግዛቸው፦ የእኔ ወገብ ለመገዝገዝ አልደረሰም። ሽማግሌ አይደለህም? ነገርን ሰንጥቆ ማየት ሥራህ ነው።

አምኃ፦ ሰው ሰምቶ እንዳይስቅብኝ። በየት በኩል ነው… ከአፉ በታች? እሺ። ቆርቆሮው እኮ አይቆረጥም… አሃ፣ ያዘ። ኧረ ዘይት አለው! ጋቢዬን አበላሸው። ለዚህ ባለቤቴ ሌላ ሽማግሌ ትልክብሃለች።

ግዛቸው፦ ትላክ፣ እከፍላለሁ። ወለቀ? ስጠኝ። በጣቴ ልየው።

አምኃ፦ እንካ። ለእኔ ሁሉም ጥቁር ነው።

ግዛቸው፦ ዳስሰው እስቲ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሳሳ። ግራና ቀኙን የያዘው ካርቶን ነው። ሙጫው ለቋል። ሞላው ደግሞ በጣት ሲነኩት ይተኛል። ይህ ማለት ዘይቱ ሳይጣራ በጎን እያለፈ፣ ከነእድፉ ሞተሩ ውስጥ ሲዞር ነበር ማለት ነው። አየህልኝ? የእኔ አሮጌ እንዲህ አይደለም፤ ይህ እሱ የገዛው ነው፣ ይህን መሰሉን ነው የገጠመልኝ። ይህን የመሰለ ጉድ መርጦ የሚገዛ ሰው ነው ቤት የሚመራው? ሂድና ለላኩህ ንገራቸው፣ አይሆንም።

አምኃ፦ ረጋ በል እንጂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይህ እሱ የገጠመው አይደለም። ልጁ «አሮጌው» ነው ያለኝ፤ ያወለቀው።

ግዛቸው፦ ሊሆን አይችልም። የእኔ ሰማያዊ ነው።

አምኃ፦ ይህም ሰማያዊ ነው። ቆይ ጎኑን በጋቢዬ ልጥረገው፣ ከተበላሸ አይቀር። በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አለው።

ግዛቸው፦ ምን ይላል?

አምኃ፦ «ነሐሴ 12፣ ኪሎ ሜትር 84,310»። የ«ሐ» መሃል እግር ከሌሎቹ ረዝማ ወጥታለች። ይህን ጽሕፈት የእድራችንን ቃለ ጉባኤ ስገለብጥ ስንት ዓመት ዓይኔን አጥፍቼበታለሁ። የአንተ ነው፣ ግዛቸው።

ግዛቸው፦ መምህር።

አምኃ፦ ወይ።

ግዛቸው፦ ከታች በኩል የታተመ ቁጥር አለ። መጨረሻውን አንብብልኝ።

አምኃ፦ ሰባት፣ ሁለት፣ ስምንት።

ግዛቸው፦ ሰባት፣ ሁለት፣ ሦስት ነው የሚለው።

አምኃ፦ ስምንት ነው። ሕፃን ያነበዋል።

ግዛቸው፦ ስምንትማ የሌላ መኪና ነው። ጥርሱ ይገጥማል፣ ሆዱ ግን ለዚህ ሞተር አይሆንም። ሱቁ ውስጥ ሦስት መስሎኝ ነበር። አንድ ብቻ ነው የቀረን ስላሉኝ የምቆርጠው ሌላ አላገኘሁም። ቤት መጥቼ ሳጠመዝዘው ልክክ ሲልልኝ፣ በቃ ይሆናል አልኩ። እኔ፣ ስንት ሰው ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ጥርሱ ገጠመ ብዬ አሰርኩት።

አምኃ፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ግዛቸው፦ ተረትህን ተወኝ።

አምኃ፦ ተውኩት። ግን እኮ ሦስትና ስምንት እንዴት ተምታታብህ? ቢጫውን ሳጥንስ አንብበኸዋል? ልጁ የገጠመው ላይ ያለውን ቁጥር አይተኸዋል?

ግዛቸው፦ ቢጫ መሆኑን አይቻለሁ።

አምኃ፦ አንድ ወር ሙሉ ሰው ስትኮንን ቁጥሩን አላየህም?

ግዛቸው፦ አላይማ! ዓይኔን ሞራ ወርሶታል፣ አምኃ። ግራው ከክረምት በፊት ነው የጀመረው፣ ቀኙም ተከተለ። የአውሮፕላን ሞተር ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ሦስትን ከስምንት አልለይም። ለሕሊና አልነገርኳትም። ቁልፌን ትደብቅብኛለች ብዬ ብቻ አይደለም፤ «ዓይኑ የደከመ አባቴን ጥዬ አላገባም» ትላለች ብዬ ፈራሁ።

አምኃ፦ እና «አላገባም» እንዳትል ፈርተህ ነው አንተው ራስህ የከለከልካት?

ግዛቸው፦ አትሳቅብኝ።

አምኃ፦ አልሳቅኩም፣ አዘንኩልህ እንጂ። ሞራ እኮ ዛሬ ጠዋት ገብተው ከሰዓት የሚያስገፍፉት ነገር ነው። እኔ የሁለቱንም አስገፍፌ የለም? ይልቅ ተነስተን አዲሱን እንየው። የት ነው ያለው?

ግዛቸው፦ ጎንበስ በል። በስተቀኝ የዘይቱ ታንክ አለ፤ እሱ ራስ ላይ።

አምኃ፦ አገኘሁት። ቢጫ ነው። ሰባት… ሁለት… ሦስት።

ግዛቸው፦ ደግመህ እይ።

አምኃ፦ አሥር ጊዜም ባየው ሦስት ነው። እሱም እንዳንተ በነጭ ቀለም ጽፎበታል፦ «ታኅሣሥ 19»። ጽሕፈቱ ግን ይነበባል።

ግዛቸው፦ ቁጥሩስ ልክ ይሁን። ሆዱን ማን አየው? ቁጥርማ በየትኛውም ቆርቆሮ ላይ ይታተማል።

አምኃ፦ ፌስታሉ መች አለቀና። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ሌላ አለ። ቢጫ ነው… የተቆረጠ ነው። ግጥም አድርጎ ዙሪያውን ቆርጦታል፤ እንደ እኔ አላቦጫጨቀውም።

ግዛቸው፦ ወዲህ በለው።

አምኃ፦ እንካ። ምን አገኘህ?

ግዛቸው፦ ወረቀቱ ወፍራም ነው። እጥፋቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አንድም የተዛነፈ የለም። ግራና ቀኙ ብረት ነው። ሞላውን ተወው፣ አውራ ጣቴን መልሶ ገፋኝ። ዘይቱ እንዳይመለስ የሚይዘው ላስቲክ ለስላሳ ነው። እኔ ራሴ ብመርጥ ከዚህ የተሻለ አልመርጥም።

አምኃ፦ ሁለት ገዝቶ አንዱን ቆርጧል ማለት ነው። እንዳዘዝከው።

ግዛቸው፦ እንዳዘዝኩት።

አምኃ፦ ታዲያ ይህን እያለው ስትሰድበው ለምን አላሳየህም?

ግዛቸው፦ ይህን ቢያወጣ አሮጌው ይጠየቃላ። አሮጌው ላይ ደግሞ የእኔ ጽሕፈት አለ። ሲያወልቀው አይቶታል። ቁጥሩን አይቷል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቋል። በልጄ ፊት እንዳላፍር ብሎ በፌስታል ቋጥሮ ይዞት ሄደ። እኔ ደግሞ እዚያው ልጄ ፊት አዋረድኩት።

አምኃ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ግዛቸው፦ ይሄኛው ተረት ልክ ነው። አፍሬያለሁ፣ አምኃ። ሞተሬን ያተረፈልኝን ሰው ነው ከቤቴ ያባረርኩት።

አምኃ፦ እንግዲህ ምን ብዬ ልመለስ?

ግዛቸው፦ ኪሩቤል ከሰዓት ይምጣልኝ። የሰደብኩት በሕሊና ፊት ነው፤ ይቅርታ የምጠይቀውም በእሷው ፊት ነው። የዓይኔንም ነገር ያኔውኑ እነግራታለሁ። ከተቆጣች አንተ አለህ።

አምኃ፦ አለሁ። የጋብቻውስ ነገር? መቼም ወጉን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ስንመጣ «ዘመድ እናማክር» ብለህ ትመልሰናለህ፣ ሁለተኛም ሰበብ ፈልገህ ትመልሰናለህ፣ እሺ የሚባለው በሦስተኛው ነው። በየእሁዱ ብንመላለስ እንኳ ጾሙ ቀድሞን ይገባል።

ግዛቸው፦ ዛሬ ሁለት ጊዜ አይሆንም ብዬ መልሼሃለሁ። አሁን ውጣና፣ በሩን አንኳኩተህ እንደገና ግባ።