ሰባት ዓመት የቀረው መድኃኒት

በኛ ጊዜ መድኃኒት የሚጥል ሰው አላየሁም። አንቺ ሌንሳ፣ ያቺን ክኒን ወዳገኘሽበት መልሻት! ራስሽን ካመመሽ ጋደም በይ፣ ካልሆነም ፋርማሲው እዚያ ማዶ ነው። እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ የተገኘ ሁሉ አይዋጥም። እሷ ጊዜዋ አልፏል፣ ጤና ጣቢያ ልመልሳት ነው ያስቀመጥኳት። ምን ያስቃችኋል? ሳቁ፣ ሳቁ። እኛም ስቀን ነበር።

ታዲያ በኛ ጊዜ፣ እዚሁ ቡርቃ ጃቶ፣ ሁሉም ቤት ምስማር ላይ የተንጠለጠለች ፌስታል ነበረች። የልጅ ሽሮፕ ግማሹ፣ የዓይን ቅባት ጫፉ የተጨመቀ፣ የጀመሩትና ሲሻላቸው የተዉት ክኒን፣ ሁሉም እዚያ ነው። አንዱ ሲታመም ጎረቤት ይዞራል። «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ እናንተ ቤት የሆድ አለ?» ይላል። «የሆድ የለንም፣ የጥርስ ግን አለን።» «እስቲ እሱኑ አምጡት!» እንዲህ ነበር፣ አታጋነኚ እንዳትሉኝ። እና ማንም ደግሞ ነውር ነው አይልም፣ ጨው እንደመበዳደር ነው።

ሙላት የሚባል ጎረቤት ነበረን፣ የጎጃም ሰው፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። ሚስቱ ደብሪቱ ናት፣ ያቺ ከታች በር ያለችው፣ ታውቋታላችሁ። ሙላት ስኳር ነበረበት፣ ይወጋ ነበር። ነጋዴ ነዋ! አቡጀዲ ሲገኝ እንደሚያከማች መድኃኒቱንም ያከማቻል። መንገድ ሲዘጋ ከከተማው መድኃኒት ይጠፋል፣ ይህን እናንተም አይታችኋል። እና በተገኘ ጊዜ ብልቃጡን ብዙ ብዙ ይገዛና ገንቦ ውስጥ አድርጎ፣ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እንዲቀዘቅዝ። ፍሪጅ አላቸው፣ መብራቱ ነው እንጂ የሌለው። ደብሪቱ ጠዋት ማታ አሸዋውን ውሃ ታርከፈክፋለች። ደግሞም የምትወጋው እሷ ናት፣ የሱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበርና።

አንድ ቀን መስቀል ሰሞን ቤታቸው ተቀምጠናል። እኔ ብልቃጡን አነሳሁና «ሙላት፣ ይሄ ነገር አልቆየም?» አልኩት። መነጽሩን አደረገና አየው፣ ከዚያ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ፣ «እትዬ አስካለ፣ እኔ ዕቃ ሳላይ የምገዛ ሰው ነኝ? ይኸው ዓመቱ ተጽፏል፣ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል!» አለኝ። አየሁት፣ እውነትም ይቀረዋል። ደብሪቱም አየችው። «እሰይ፣ ከኛም ይተርፋል» አለች። ሁላችንም ማንበብ እናውቃለን፣ ማንም መሀይም አልነበረም። ቁጥሩን በትክክል ነው ያነበብነው።

ታዲያ ሙላት በጥምቀት ሳምንት ሞተ። ሰንበትበት ብሎ ነበር ሲከሳ፣ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲነጫነጭ። «ስኳር ነው፣ ዕድሜም ነው» ተባለ፣ ተቀበረ። አርባው ከወጣ በኋላ ደብሪቱ ዕቃውን ማከፋፈል ጀመረች። ኮቱን ለአንዱ፣ ጫማውን ለአንዱ። መድኃኒቱን ደግሞ ለአዴ ጫልቱ ሰጠቻት።

ጫልቱን ለማታውቁ፣ አጥራችን አንድ ነው፣ የዲጋ ወረዳ ልጅ ናት፣ ከኔ ጋር ልጅነታችንን አብረን የጨረስን። እሷም የስኳር መርፌ ጀምራ ነበር። ያኔ ደግሞ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቷል፣ ፋርማሲ ሁሉ «ነገ ተመለሱ» ነው። ደብሪቱ ገንቦውን እንዳለ አቅፋ መጣች። «በሞቴ ተቀበይኝ፣ ያው የሱም እንዳንቺው ዓይነት ነው፣ ለነፍሱ ይሁንለት» አለቻት። ጫልቱ ጴንጤ ናት፣ ለነፍስ የሚባለው ነገር በነሱ የለም። ግን ምን ትበል? ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ «ገለቶማ፣ ደብሪቱ ኮ» ብላ አመሰገነቻት፣ ተላቀሱ።

ከዚያ ደብሪቱ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጥሩ ጋ ትቆማለች። «ጫልቱ! የሙላት እንዴት ይዞሻል?»

«ፈያ ነው፣ ደብሪቱ! ተባረኪ!»

ፈያ? የት አባቱ ደህና ይሆናል! እኔ እኮ አያታለሁ። ጆጉን አፏ ላይ ደፍታ ትጠጣለች፣ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች፣ ተመልሳ ትጠጣለች። ቀሚሷ እላይዋ ላይ ይዞር ጀመር። «ጫልቱ፣ መድኃኒቱ አልሠራልሽም» አልኳት።

«ዝም በይ አስኩ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማኛ! ምን አገባኝ?»

«ላኪ፣ አይሆንም! ምን ብዬ ልመልስላት? ባልሽ አልሠራልኝም ልበላት? ሰውየው ከተቀበረ ገና ነው እኮ። አዲሱ መድኃኒት ፋርማሲ እስኪገባ ልታገሠው።»

ተናደድኩ። ጠንካራ ሴት ናት፣ ገበያ ላይ አንድ ጣሳ ማሽላ ሲጎድልባት ሰው ሁሉ የሚሰማት ሴት፣ ለሰው ፊት ብላ ራሷን ልትገድል! ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ከስኳር ይብሳል፣ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤቷ ብገባ መሬት ላይ ተዘርራለች። ትንፋሿ እንደ ጠጪ ሰው ይሸታል። ጠላ እንኳ ቀምሳ የማታውቅ ሴት! ጮህኩ፣ ሰው መጣ፣ ባጃጅ ላይ ጭነን ሆስፒታል ወሰድናት። አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። በክንዷ የሚገባ ውሃ ከሰቀሉላት በኋላ፣ «የምትወጋውን መድኃኒት አምጡልኝ» አለ። ተመልሼ ብልቃጡን አመጣሁለት። ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል።»

«ምን አለፈ? አንብበው እንጂ ልጄ! ገና ሰባት ዓመት አለው!» ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ ይሄ የፈረንጅ ዓመት ነው። በኛ ሲመለስ ያለፈው ፍልሰታ ላይ አብቅቷል። ሙቀትም ሳያገኘው አይቀርም።»

እውነቱን ነው፣ ሙላት ከሞተ ወዲህ ያንን አሸዋ ማንም ውሃ አላጠጣውም። ግን ፍልሰታ ያለው ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

ጫልቱ በስንት መከራ ነቃች። በሦስተኛው ቀን አፏን ስትፈታ የሆነውን ነገርኳት። ጣራውን አየችና፣ «አስኩ፣ ሙላት የሞተው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ጥምቀት ላይ ነዋ።»

«ፍልሰታ ከጥምቀት በፊት ነው።»

«ነው።»

እጄን ያዘችኝ። ጉልበት የላትም፣ ግን ያዘችኝ። «ለደብሪቱ እንዳትነግሪ። በጇ እኮ ነው ስትወጋው የነበረችው። ይህን ከሰማች ሰው አትሆንም። ያ ዋቃ! ሙቀት አበላሸው በያት።»

አልኳት። ሐሰት አይደለም መቼም፣ ግማሹ እውነት ነው። ደብሪቱ፣ «ወይኔ፣ ገንቦውን ረስቼው ነው!» ብላ አለቀሰች፣ ለገንቦው። እኔም አባበልኳት።

ሐኪሙ ነገሩን ለጤና ጣቢያ ሳይነግር አልቀረም፣ ጫልቱ ወጥታ ቤቷ እያገገመች ሳለ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ መጣች። «ፌስታላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ» አለች፣ ጫልቱ ግቢ ተሰበሰብን። የወጣው ዕቃ! ልጆቹ አግብተው የወለዱ ሰው የነዚያን ልጆች የሳል ሽሮፕ ይዞ መጣ። ልጅቱ ሽንት ቤት አትጨምሩ፣ ወንዝ አትድፉ፣ ጓሮ አታቃጥሉ፣ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ መልሱ፣ እዚያ በሥርዓቱ ይወገዳል፣ መርፌውን ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ክደኑና ስጡን አለች። ጋሽ ሸምሱ ባለሱቁ ሽሮፑን አቅፎ እምቢ አለ። «ይሄ ምንድነው? ስኳርና ውሃ ነው! ስኳር እኔ ሱቅ ውስጥ መቼ ተበላሽቶ ያውቃል?» ተሳቀ።

እና ልጅቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዕቃው ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው፣ ከኛ በሰባት በስምንት ይበልጣል። በኛ አቆጣጠር ካያችሁት ያታልላችኋል» አለች። ሰው ሁሉ ሆሆሆ አለ፣ አንዱ በአንዱ ይሳሳቃል፣ «አንቺም? እኔም!» እያለ። ደብሪቱ ብቻ አልሳቀችም። ተነሥታ ወጣች። ጫልቱ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ወዲያው ደብሪቱ አንድ ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች፣ የመጨረሻዋን፣ ለማስታወሻ ያስቀረቻትን።

«ልጄ፣ ይቺ በኛ መቼ ነው ያለፈችው?»

ልጅቱ ምን ታውቃለች! በጣቷ ቆጠረችና፣ «ያለፈው ፍልሰታ ላይ» አለቻት።

ደብሪቱ ቀኝ እጇን ዘርግታ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «በዚች እጄ ነው የወጋሁት» አለች። «ጠዋት ጠዋት፣ አይዞህ ሙሌ፣ አሁን ያልፋል እያልኩ።»

ልጅቱ ደነገጠች፣ «እናቴ፣ በዚያ ነው የሞቱት ማለት አይቻልም፣ ብዙ ምክንያት አለው» አለቻት። እውነቷን ነው፣ ሐኪሙም ያው ነው ያለኝ፣ ማንም አያውቅም። ደብሪቱ ግን አልሰማቻትም። ቤቷ ገባች፣ በሯን ዘጋች። እህል ብንልክላት ይመለሳል፣ ብናንኳኳ መልስ የለም። ከቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረች። ያኔ ነው እውነቱን ለመናገር እኔም የፈራሁት፣ ሌላ ቀብር ታየኝ።

ታዲያ ጫልቱ አንድ ማለዳ አዲሱን መድኃኒቷን ይዛ፣ ከዘራ ተደግፋ ሄደችና ደጇ ላይ ተቀመጠች። እኔም ተከትያታለሁ።

«ደብሪቱ! ክፈቺ!»

በሩን በከዘራዋ መታችው።

«ዓይኔ ደክሟል፣ መርፌው ላይ ያለው መስመር አይታየኝም። ነይ ውጊኝ!»

ከውስጥ፣ «እብድ ነሽ? እኔ ሁለተኛ መርፌ አልይዝም! አስካለ ትውጋሽ!»

እኔ አፌን ልከፍት ስል ጫልቱ በከዘራው እግሬን ወቀጠችኝ። «አስካለ ደም ስታይ ትወድቃለች። እንግዲያው ሳልወጋ እውላለሁ፣ እዚሁ ደጅሽ ላይ።»

ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣ። «ቁርሴን አልበላሁም፣ ደብሪቱ። ጠማኝ፣ ደብሪቱ» ትላለች። መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተ። የደብሪቱ ፊት የሬሳ ፊት ነው። ብልቃጡን ተቀበለች፣ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ ዓመቱን አነበበች፣ በጣቷ ቀነሰች፣ ደግማ ቀነሰች። እጇን ታጠበች። ከዚያ ወጋቻት፣ እንባዋ ቀሚሷ ላይ እየወረደ። እጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አላመመኝም» አለቻት ጫልቱ። «ነገም እመጣለሁ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ትመጣለች። ዛሬ ጠዋትም እዚያ ነበሩ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ጆንያ ነው እንዴ የምትሰፊው!» ስትላት ሰምቻለሁ።

ምን አልሽ ሌንሳ? የጫልቱ ዓይን ዳነ ወይ?

ምን ሆኖ ይድናል! ያቺ ሴት እዚህ ቁጭ ብላ፣ ታች መንገድ ላይ የሚሄደው የማን ልጅ እንደሆነ ትነግርሻለች። ሂጂና ጠይቂያት፣ ለደብሪቱ ግን አንድ ቃል ብትተነፍሺ ወዮልሽ!