ሀዊና የተዘጋው ሳጥኗ

ሀዊ አሰላ ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረች ልጅ ናት። እኔ አርግዤ ከአስረኛ ክፍል ስቀር እሷ ገፋችበት፤ አሁን ማስተርሷን እየሠራች ነው። ሰሞኑን ልትጠይቀኝ መጣች። የገብስ ዱቄት ጩኮ በቅቤ እያሸሁላት ባሌ "ምንድን ነው የምታጠኚው?" አላት። "ውሃ ውስጥ በጣም የደቀቀ የመዳብ ዱቄት ጨምሬ ሳጥን ውስጥ እዘጋበታለሁ። የሳጥኑን አንድ ጎን አሞቃለሁ፣ ሌላውን አቀዘቅዛለሁ። ከዚያ ማንም ሳያማስለው ውሃው ራሱ እየዞረ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ጎን እንዴት እንደሚያደርስ አያለሁ" አለች። እጄ ገብሱ ውስጥ እንዳለ "ዱቄቱ ሲበዛ ውሃው አይወፍርም? እንዴት ይዞራል ታዲያ?" አልኳት። ሀዊ ትክ ብላ አየችኝ። "እኔም የምለፋው ይህንኑ ለማወቅ ነው እኮ፣ አቦ" አለች። ባሌ ሳቀና "ጩኮ ማሸት አስለምዷት ነው" ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ በኋላ እኔን ያነጋገረኝ የለም። ልጄ ስታለቅስ አዝያት ወጣሁ።

ሀዊን ከሸኘን በኋላ ባሌ ፊቴን አየና "ቀናሽ እንዴ?" አለኝ፣ ደስ እያለው።

"አዎ" አልኩት።

"ኧረ እኔ እሷን በዚያ ዓይን አላያትም።"

"አንተን ማን አነሳህ። ያን የውሃውን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን የምታየው ግን እሷ ናት።"